ቡቺ እምቢ አለኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ጅማ፣ መንቲና አካባቢ ነው። ወንድሜ ከአዲስ አበባ አንድ ትንሽዬ ነጭ ፀጉራም ውሻ አመጣልኝ፤ ቡቺ አልነው። አሁን ዓመት ሊሞላው ነው። ግን ግትርነቱ አይጣል ነው! ስጠራው አይቶኝ ፊቱን ያዞራል። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ይጮኻል፣ ምንጣፍ ላይ ይሸናል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ እዚሁ ግቢ የሚኖሩት ሐጂ ውዱእ አድርገው ሲወጡ ሮጦ እግራቸውን ይልሳል። እሳቸው ደግ ስለሆኑ ምንም አይሉም፤ እኔ ግን በሃፍረት አለቅሁ። መታሁት፣ አሰርኩት፣ ምንም ለውጥ የለም። ትንንሽ ውሾች አይማሩም ይሉኛል። እውነት ነው?
ግራ የገባኝ፣ ከመንቲና

መልስ፦ እህቴ፣ በደንብ ይማራሉ። ትልቅ የግቢ ውሻ ሰው ላይ ቢዘል ሰፈሩ ይነሳል። ቡቺ ሲዘል ግን «ውይ ሲያምር!» ተብሎ ይታቀፋል። እሱም ተምሯል፤ መዝለል እንደሚያሳቅፍ።

ዘርም የራሱ ድርሻ አለው። ዳችሹንድ በጀርመን፣ ጃክ ራስል ደግሞ በእንግሊዝ የተዳቀሉት ጉድጓድ ገብተው አውሬ እንዲያስወጡ ነው። እዚያ ጨለማ ውስጥ የሚያዛቸው ሰው ስለሌለ ራሳቸው መወሰን ነበረባቸው፤ ስትጠሪያቸው ቆም ብለው ቢያስቡ አይገርምም። ፑድል ግን ይህ ሰበብ የለውም፣ ቶሎ ከሚማሩት አንዱ ነው። የቡቺ ዘር ምንም ይሁን ምን ሥራሽ ያው ነው።

ከመጥራት ጀምሪ። ስትጠሪው ምን ያገኛል? ሊታጠብ፣ ሊታሰር ወይም ሊመታ ከሆነ አይመጣም፤ እኔም ብሆን አልመጣም። ለጊዜው ስሙን የምትጠሪው ጥሩ ነገር ልትሰጪው ብቻ ይሁን። ጨው የሌለው የተቀቀለ ሥጋ፣ ጥፍር የምታክል ቁራጭ ይበቃል። ከወጥ ግን አትስጪው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ናቸው፤ እሱን ለሚያክል ሰውነት ደግሞ ትንሹም ይበዛል። አምስት አምስት ደቂቃ፣ በቀን ሦስት አራቴ፣ ሆዱ ሳይሞላ አለማምጂው። ቤተሰቡም በአንድ ቃል ይስማማ። አንቺ «ቁጭ በል»፣ ሌላው በኦሮምኛ «ታኢ»፣ ልጆቹ «ሲት» እያላችሁት ግትር ነው ብትሉት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሽንትን በተመለከተ፣ የትንሽ ውሻ ፊኛም ትንሽ ነው። ከእንቅልፉ ሲነሳ፣ በልቶ ሲጨርስና ተጫውቶ ሲያበቃ ወዲያው አውጪው፤ ውጭ ሲሸና እዚያው ሸልሚው። ከሸና ቆይቶ ብትቆጪው ግን ለምን እንደሆነ አይገባውም። ተደብቆ መሽናትን ነው የሚማረው። ምንጣፉን አቼቶ በውሃ በጥብጠሽ እጠቢው፣ ሽታው ካለ ተመልሶ ይመጣበታል። ክረምት ላይ ደግሞ የጅማን ዝናብ ታውቂዋለሽ። ሆዱ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው ውሻ ጭቃ ውስጥ መውጣት ቢጠላ አልፈርድበትም፤ ቆርቆሮ ጥላ ያለበት አንድ ጥግ አዘጋጂለት።

ባጃጁን አስቢው። ቡቺ ይጮኻል፣ ባጃጁ ያልፋል። እሱ ያባረረው ይመስለዋል፣ ስለዚህ ነገም ይጮኻል። አንቺም «ዝም በል!» ብለሽ ስትጮኺ አብረሽው የምታባርሪ ነው የሚመስለው። ከመንገዱ ራቅ ብላችሁ ቁሙና ባጃጅ ሲያይ፣ ገና አፉን ሳይከፍት፣ ሥጋዋን ስጪው። ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቅረቡ። ገመዱን አንገቱ ላይ አትሰሪው፤ የትንንሽ ውሾች የአየር ቧንቧ በቀላሉ ይጎዳል፣ ደረቱ ላይ የሚታሰር ይሻላል።

ሐጂ ላይ ግን ሙከራ የለም። ዝም ያሉት ተመችቷቸው እንዳይመስልሽ፤ የውሻ ምራቅ ሲነካቸው እንደገና መታጠብ ሊኖርባቸው ነው። የሶላት ሰዓት የታወቀ ነው። አዛን ሲሰማ ቡቺን ጠርተሽ አስገቢው፣ የሚያኝከው ነገር ስጪውና በሩን ዝጊ። ይህን ሳታቋርጪ ካደረግሽ እየዋለ ሲያድር አዛኑን ሰምቶ ራሱ ወደ ቤት ይገባልሻል።

ዱላውን ተዪው። የሚፈራ ውሻ አንድ ቀን ይናከሳል።

እንግዶችሽንም አስጠንቅቂ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ? ማዕድ ላይ አንዱ «በናታችሁ ይብላ» ብሎ አንዴ ካጎረሰው፣ ሳምንቱን ሙሉ ማዕድ ሥር ቆሞ ሲጮኽ ትሰሚዋለሽ።

ጥያቄ፦ ውሻዬ በጣም ትንሽ ናት፣ ከግቢም አትወጣም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የግድ ነው?
ከሄርማታ

መልስ፦ የግድ ነው። እሷ ባትወጣ በአጥር ቀዳዳ የሚገባ ውሻ አይጠፋም። ሦስት ወር ሲሞላት ትከተብ፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገምላት። ጅማ የእንስሳት ሐኪም የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ናት፤ ሐኪም አጣሁ ማለት አያስኬድም። ማንኛውም ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ጭረቷ ትንሽ ብትሆንም፣ የነከሰችው ውሻ የእናንተው ብትሆንም ከመሄድ አትቅሩ።