ስኬላር ነው ቬክተር? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ ዲስታንስም ዲስፕሌስመንትም በሜትር ነው የሚለኩት። ታዲያ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ዲስታንስ ስኬላር ነው፤ መጠኑ ብቻ ይበቃዋል። ዲስፕሌስመንት ቬክተር ነው፤ መጠንም አቅጣጫም አለው። በሩጫ ላሳይህ። ቀነኒሳ በቀለ በ2005 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ጨረሰ። የ400 ሜትሩን መም 25 ጊዜ ዞሯል። ዲስታንሱ፣ ማለትም የሮጠው መንገድ በሙሉ፣ 10,000 ሜትር ነው። ዲስፕሌስመንቱ ግን ዜሮ ነው፤ የጨረሰው የተነሳበት መስመር ላይ ነዋ! ዲስፕሌስመንት የሚጠይቀው ከመነሻህ ስንት ሜትር፣ ወዴት እንደራቅህ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ቬሎሲቲውም ዜሮ ሊሆን ነው? ያን ያህል ሮጦ?

መልስ፦ አማካይ ቬሎሲቲው (ዲስፕሌስመንቱ ለጊዜው ሲካፈል) አዎ፣ ዜሮ ነው። አማካይ ስፒዱ (ዲስታንሱ ለጊዜው ሲካፈል) ደግሞ በሰከንድ 6.3 ሜትር ገደማ። በሮጠባት በእያንዳንዷ ቅጽበት ግን ቬሎሲቲ ነበረው፤ ኩርባው ላይ አቅጣጫው ይቀያየራል። «አማካይ» የምትለዋን ቃል አደራ፣ ፈተና ላይ እንዳትዘላት።

ጥያቄ፦ ልጄ «ማይነስ 5 ዲግሪ ሲባል ማይነሱ አቅጣጫ ነው» ይለኛል። ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም እናቴ። ከዜሮ በታች ማለት ብቻ ነው። ቴምፕሬቸር ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ አይባልም። ስኬላር ነው።

ጥያቄ፦ ክብደቴ 60 ኪሎ ነው። ይሄስ?

መልስ፦ ኪሎው ማስህ (የሰውነትህ ቁስ መጠን) ነው፤ ስኬላር። ክብደት በፊዚክስ መሬት አንተን ወደ ታች የምትስብበት ጉልበት ነው፤ ወደ 588 ኒውተን (የጉልበት መለኪያ)። እሱ ቬክተር ነው።

ጥያቄ፦ ከረንት (የኤሌክትሪክ ፍሰት) ሽቦ ውስጥ አቅጣጫ አለው። ለምን ስኬላር ተባለ?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ በጣም ነው የምወደው። «መጠንና አቅጣጫ ያለው ሁሉ ቬክተር ነው» ብለን ስለምናስተምር ጥፋቱ የእኛ የመምህራን ነው። አቅጣጫ መኖሩ ብቻውን አይበቃም። ወሳኙ አደማመሩ ነው።

ጠረጴዛ ላይ ሁለት ገመድ እሰር። አንዱን በ30፣ ሌላውን በ40 ኒውተን፣ በ90 ዲግሪ አንግል ሳቡት። ጠረጴዛው የሚሳበው በ70 ሳይሆን በ50 ኒውተን ነው። ፓይታጎረስ ማለት ነው። በአንድ አቅጣጫ ብትስቡት 70 ይሆናል፣ በተቃራኒ ከሆነ 10።

አሁን ሁለት ሽቦዎችን ከአንድ ሦስተኛ ሽቦ ጋር አገናኝ። በአንዱ 3፣ በሌላው 4 አምፔር ቢገባ በሦስተኛው የሚወጣው 7 አምፔር ነው። ሽቦዎቹን በ90 ዲግሪም አገናኛቸው፣ እንደፈለግህም አጣምማቸው፣ ያው 7 ነው። ከረንት እንደ ተራ ቁጥር ስለሚደመር ነው ስኬላር የተባለው።