«መሞከሪያ ሊያደርጉህ ነው» አለችኝ እናቴ

ጥያቄ፦ የምጽፍልሽ ከደብረ ሲና ነው። 27 ዓመቴ ነው፤ ከ15 ዓመቴ ጀምሮ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ሰሞኑን ሐኪሜ አዲስ አበባ ውስጥ በአዲስ የስኳር መድኃኒት ላይ ጥናት እንዳለና ከፈለግኩ መመዝገብ እንደምችል ነገረኝ። እናቴ ስትሰማ «መሞከሪያ ሊያደርጉህ ነው» ብላ አለቀሰች። ልግባ ወይስ ልቅር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የእናትህን ለቅሶ እንዳትንቀው። ሰው ሳያውቅና ሳይፈቅድ የተሞከረበት ዘመን ነበር፤ ዛሬ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ጥናቱን የሚመረምረው፣ አንተም የስምምነት ቅጽ የምትፈርመው ለዚህ ነው። ግን ይሄንንም ንገራት፦ አንተን ያቆየህ ኢንሱሊን በፈረንጆቹ 1922 ቶሮንቶ ውስጥ መጀመሪያ የተወጋው አንድ የ14 ዓመት ልጅ ነው።

ቅጹን እዚያው አትፈርም። በአማርኛ የተጻፈውን ይዘህ ና፣ ከእሷ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። መግባቱም መውጣቱም በፈቃድህ ነው፤ መሃል ላይ ብትተወው የተለመደው ሕክምናህ ሊቋረጥብህ አይገባም።

ማን አዲሱን መድኃኒት፣ ማን ፕላሲቦ (መድኃኒት የሌለበት፣ መልኩ ግን አንድ የሆነ) እንደሚያገኝ ብዙ ጊዜ የሚለየው በዕጣ ነው። አንተ ደግሞ ያለ ኢንሱሊን መኖር አትችልም። ስለዚህ ዕጣው በየትኛውም ቢወጣ ኢንሱሊንህ እንደማይቋረጥ ቅጹ ላይ በግልጽ ተጽፎ እይ። ካልተጻፈ ይቅርብህ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ጥያቄ አለ፦ ጥናቱ ሲያልቅስ? ስኳሩ እኮ አብሮህ ነው የሚኖረው። መድኃኒቱ ቢስማማህ ማን ይሰጥሃል፣ እስከ መቼ? ብትጎዳስ ማን ያሳክምሃል? ሳታፍር ጠይቅ፤ የትራንስፖርቱንም ጭምር።

አንድ ነገር በጣም ያሳስበኛል። በባዶ ሆድ ደም ስጥ ተብለህ በሌሊት ተነስተህ፣ ጣርማ በርን በጭጋግ አልፈህ አዲስ አበባ እስክትደርስ ረጅም ሰዓት ነው፣ ስኳርህ መንገድ ላይ ሊወርድ ይችላል። የዚያን ቀን መርፌህን እንዴት እንደምትወስድ አስቀድመው ይንገሩህ፣ በራስህ እንዳትዘለው። ከረሜላ ኪስህ አይጥፋ፤ ካላበህና ከተንቀጠቀጥክ የደም ምርመራው ይቅር፣ ብላ።

ጾም የምትጾም ከሆነ፣ የሽፈራው ቅጠል ወይም ሌላ የባህል መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ አትደብቃቸው። ከአዲሱ መድኃኒት ጋር ተደርቦ ሊጎዳህ ይችላል።

በመጨረሻ፣ ሌሊት ብትታመም የሚነሳ ስልክ ቁጥር ጠይቅ። ከመመዝገብህ በፊት ራስህ ደውለህ ሞክረው፣ ከዚያ ለእናትህ ስጣት።