ለጁክቦክሷ ስንት ልበል?

አሮጌ ጁክቦክስ አድሳችሁ ልትሸጡ ዋጋውን ለምትጠይቁኝ፣ መጀመሪያ ያንን ከውጭ የሽያጭ ማስታወቂያ ላይ አይታችሁ በዛሬ ምንዛሪ ያባዛችሁትን ቁጥር ሰርዙት። አትቆጡኝ፤ እሱ ጭንቅላታችሁ ውስጥ እያለ ሌላው የምላችሁ አይገባም።

እኔ ደሴ ውስጥ ራዲዮና ቴፕ፣ ኋላም ቴሌቪዥን ስጠግን ያረጀሁ ሰው ነኝ። ሱቁን ለልጆች ከለቀቅኩ በኋላም ጥያቄ ይዞ የሚመጣ አልጠፋም። ሰሞኑን የበዛው የአሮጌ ዕቃ ነገር ነው። ከተዘጋ ቡና ቤት ጓዳ የወጣ ጁክቦክስ፣ ከአያት ቤት የተገኘ ግራሞፎን፣ ባለ ቫልቭ ራዲዮ። ጎበዞች ናችሁ። እኛ አለቃ ስር ተቀምጠን በስንት ቁጣ የተማርነውን እናንተ በስልክ ቪዲዮ እያያችሁ ትሠሩታላችሁ። ዋጋ ላይ ስትደርሱ ግን ነገር ይበላሻል። ወይ ሰማይ ትሰቅሉትና ዕቃው አቧራ ሲጠጣ ይከርማል፣ ወይ ሲሰለቻችሁ ደላላ በግማሽ ይወስደዋል። ስለ ጁክቦክስ ልጻፍ፤ ፒንቦልም (ኳስ እየመቱ የሚጫወቱበት ማሽን) ሆነ ሌላ የሳንቲም ማሽን ያደሰ ሒሳቡ ያው ነው።

ላልደረሳችሁበት፣ ጁክቦክስ ሳንቲም ከታችሁ፣ ቁልፍ ተጭናችሁ፣ የመረጣችሁትን የዘፈን ሸክላ ራሱ አንስቶ የሚያጫውት ሣጥን ነው። አምሃ እሸቴ በ1969 በአውሮፓ አቆጣጠር የራሱን ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ የዓለማየሁ እሸቴና የማሕሙድ አሕመድ ዘፈን በትንሿ ባለ 45 ዙር ሸክላ ሲወጣ፣ ጁክቦክስ ያለው ቡና ቤት ወጣቱን ይሰበስብ ነበር። ከዚያ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ መጣ፣ ካሴት መጣ። ማሽኖቹ ጓዳ ገቡ።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ። ማስታወቂያ ላይ የተጻፈው ሻጩ የተመኘው ነው። ተሸጠ ወይስ አልተሸጠም? በስንት ተሸጠ? ማየት ያለባችሁ ያለቀለትን ሽያጭ ነው። ከዚያም ያ ዋጋ የወጣው መለዋወጫው በሳምንት ደጁ በሚደርስበት አገር መሆኑን አስቡ። ማሽኑ ከ100 ኪሎ በላይ ነው፣ ከደሴ አሜሪካ ድረስ ላኩት ብትባሉ የጭነቱ ሒሳብ ብቻ ትርፋችሁን ይበላዋል። ስለዚህ ገዢያችሁ እዚሁ ነው፣ ወይ አዲስ አበባ።

ሌላው የሚያሳስታችሁ «ብርቅ ነው» የሚለው ነገር ነው። በዓለም ላይ ስሙ የገነነው ጁክቦክስ የዉርሊትዘር ኩባንያ 1015 የሚባለው ሞዴል ነው፣ በ1946 በአውሮፓ አቆጣጠር የወጣው፣ ጎኑ ላይ አረፋ የሚወጣበት ባለ ቀለም ቱቦ ያለው። 56 ሺህ ያህል ተሠርቷል። ብርቅ አይደለም ማለት ነው፤ ግን ውድ ነው፣ ሰው ስለሚፈልገው። በአንጻሩ ጥቂት ብቻ የተሠራ፣ መልኩም የማያምር፣ መለዋወጫውም የማይገኝ ማሽን አለ። እሱ ብርቅ ነው፣ የሚገዛውም የለም። «በኢትዮጵያ አንድ ብቻ» ብላችሁ ስትጽፉ ገዢው የሚሰማው «ቢበላሽ የሚጠግነው የለም» የሚለውን ነው።

በነገራችን ላይ ያ 1015 የሚመስል ሁሉ 1015 አይደለም። ከ1986 ጀምሮ፣ ይሄም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፣ ጀርመን የነበረው የዉርሊትዘር ፋብሪካ መልኩን ወስዶ አዲስ ማሽን ሠርቷል። ከኋላ ያለውን የፋብሪካ ሰሌዳ ሳታነቡ፣ ቁጥሩን ፎቶ ሳታነሱ ዋጋ እንዳትናገሩ።

አሁን ልባችሁን ስጡኝ፤ ብዙ ልጆች የሚረቱበት ቦታ ይሄ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ማሽን በ117 ቮልት በ60 ኸርዝ ነው የሚሠራው፤ ኸርዝ ማለት መብራቱ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው። የኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ገዝታችሁ ቮልቱን ታወርዳላችሁ፣ አምፖሉ ይበራል፣ ክንዱ ሸክላውን ያነሳል፣ ደስ ይላችኋል። ትራንስፎርመር ግን ኸርዙን አይነካውም። የሞተሩ ፍጥነት ደግሞ የሚከተለው ኸርዙን ነው። በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር የነበረበት ሸክላ 37 ተኩል ይዞራል። ዘፋኙ እንቅልፍ የመጣበት ይመስላል፣ የሴቷ ድምፅ የወንድ ሊሆን ምንም አይቀረው። ይህን ለወሎ ሰው ልትሸጡ ነው እንግዲህ! አምባሰልና ባቲ የወጡበት አገር ሰው ድምፅ ሲወርድ አይገባውም ብላችሁ ነው? መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሞተሩ ዘንግ ላይ ያለችውን ማዞሪያ በልኩ ወፈር አድርጎ ማስጠረብ ነው፣ ኮምቦልቻም ደሴም ጥሩ የቶርኖ ባለሙያ አለ። ለአውሮፓ ተብሎ የተሠራ ከሆነ ግን ከመጀመሪያውም ለ50 ኸርዝ የተዘጋጀ ሊሆን ስለሚችል ሰሌዳውን እዩ። ይህ የተስተካከለለት ማሽንና ያልተስተካከለለት አንድ ዋጋ አይጠየቅባቸውም፤ ያልተስተካከለውን «የሚሠራ» ብሎ መጻፍም ውሸት ነው።

«ታድሷል» የሚለውንም ቃል እንደፈለጋችሁ አትበትኑት። አንዱ አቧራ ጠርጎ ቀለም ቀብቶ ታድሷል ይላል። ሌላው የደረቁትን ኮንደንሰሮች (ኤሌክትሪክ አጠራቅመው የሚለቁትን ትንንሽ ዕቃዎች) በሙሉ ቀይሮ፣ የደረቀውን ግራሶ አጥቦ፣ መርፌውን ተክቶ፣ ሳንቲም መቀበያውን አስተካክሎ ታድሷል ይላል። ገዢው እንዴት ይለያችሁ? ደብተር ያዙ። ምን እንደነበረ፣ ምን እንደቀየራችሁ፣ የቱ የፋብሪካው እንደሆነ፣ የቱን ቶርኖ ቤት እንዳሠራችሁ ጻፉ። ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ያወጣችሁትን አሮጌ ዕቃ አትጣሉ፣ በፌስታል አድርጋችሁ ከማሽኑ ጋር ስጡት። ሁለት አንድ ዓይነት ማሽን ቢቀርብልኝ፣ አንዱ የሚያብረቀርቅ ሌላው ደብተር ያለው፣ እኔ ለባለ ደብተሩ ነው የምጨምረው። ቀለም ላይ በተለይ አትቸኩሉ። የድሮው ቀለም ደብዝዞም ቢሆን ካለ፣ ሰብሳቢ ሰው የሚከፍለው ለሱ ነው። ፒንቦልም ላይ እንደዚያው ነው፤ ከኋላ ያለው ሥዕል ያለበት መስታወት ቀለሙ ተፈርፍሮ ሳለ አዲስ ሥዕል ከደረባችሁበት ዋጋውን በእጃችሁ አወረዳችሁት።

ብሉቱዝ ስለማስገባት ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። እኔ አልወደውም፣ ግን የኔ መውደድ አይደለም ቁም ነገሩ። የምትሸጡት ለማን ነው? ፒያሳ ካፌ ሊከፍት ላሰበ ሰው ብሉቱዙ ዋጋ ይጨምራል፤ እሱ የሚፈልገው የሚያምር ሣጥንና ቀኑን ሙሉ የማይቆም ሙዚቃ ነው። ለሰብሳቢ ግን የድሮው አምፕሊፋየር ከወጣ ነገሩ አበቃ። ከውጭ ለክረምት የሚመጣ የወሎ ልጅ ደግሞ የልጅነቱን ትዝታ ነው የሚገዛው፣ አባቱ ቡና ቤት ውስጥ የነበረችውን ትመስላለች ካላችሁት ስለ ኮንደንሰር አይጠይቃችሁም፤ ስለማይጠይቅም እናንተው መንገር አለባችሁ። ማሽኑን ከመንካታችሁ በፊት ከሦስቱ ለማን እንደሆነ ወስኑ። ለሁሉም የሚሆን ካደረጋችሁት ለማንም አይሆንም።

የወለል ዋጋችሁን፣ ከሱ በታች የማትሸጡበትን፣ እንዲህ አውጡት። የገዛችሁበት፣ መለዋወጫው፣ ጉልበታችሁ። መለዋወጫውን ባለፈው በገዛችሁበት ሳይሆን ዛሬ ቢተካ በሚያወጣው አስቡት። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን ከዚያ በፊት በ40 ሺህ ብር የተገዛ ዕቃ ዛሬ 80 ሺህ ሊጠይቅ ይችላል፤ በ40ው ከሸጣችሁ ሁለተኛ ማሽን አትሠሩም። ጉልበታችሁን ደግሞ ሌላ ሥራ ብትሠሩ በቀን በምታገኙት ልክ አስቡ። የተማራችሁበትን፣ ሦስቴ ፈትታችሁ የገጠማችሁበትን ቀን ግን ገዢው ላይ አትጫኑ። እሱ የናንተ ትምህርት ነው፣ ክፍያውም ቀጣዩ ማሽን ላይ ይመጣል። ይሄ ሁሉ ተደምሮ ገዢው ከሚከፍለው በላይ ከሆነ አትሽጡ። አከራዩት። ለሠርግ፣ ለፎቶ ቤት፣ ለሆቴል በዓል። አብሽሩ፣ ቆሞ የሚከራይ ዕቃ ኪሳራ አይደለም።

ሸክላዎቹን ከማሽኑ ጋር ደርባችሁ እንዳትሰጡ አደራ። የአምሃንና የሌላውን አሳታሚ የካይፋን ሸክላዎች የውጭ ሰብሳቢዎች አጥብቀው ይፈልጋሉ፣ አንዳንዷ ብቻዋን የምታወጣውን ብትሰሙ ትደነግጣላችሁ። ጁክቦክስ ላይ የኖረ ሸክላ በመርፌ የተበላ ስለሚሆን ንጹሑን ለይታችሁ አስቀምጡ፣ ለማሳያ የሚሆን ርካሽ ሸክላ ማሽኑ ውስጥ ተዉ።

ሰው ደውሎ ገና ሰላም ሳይል «የመጨረሻው ስንት ነው?» ካለ፣ የመጨረሻውን አትንገሩ። «መጥተህ ስማት» በሉት። ሲመጣ ሌላ ሥራ እየሠራችሁ ደጋግማችሁ አጫውቱለት፣ በመካከል ብትሰናከል እዚያው ፊቱ ይታይ፣ እናንተም ምክንያቱን ንገሩት። ዋስትና ስጡ፣ አምፕሊፋየሩን ለሦስት ወር፣ መርፌውን ግን አይሆንም፣ መርፌ አላቂ ነው። የደላላ ድርሻ ካለ ከመነሻው ዋጋ ውስጥ ይግባ፤ መጨረሻ ላይ ከወለላችሁ ላይ ተነሥቶ ሲሄድ ነው ጠብ የሚመጣው።

ቀብድ ሳትቀበሉ መኪና አትጥሩ። ውስጡ በስፕሪንግ ላይ የተንጠለጠለ ማሽን ከሆነ ለጉዞ የሚጠብቁት ብሎኖች አሉት፣ እነሱን አጥብቁ፣ ሸክላዎቹን አውጡ፣ ክንዱን እሰሩ። ያለዚያ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ማስተካከያው ሁሉ ፈርሶ ነው የምታገኙት። ጭነቱን ማን ይችላል የሚለውንም ከዋጋው ጋር አንድ ላይ ተነጋገሩና ወረቀት ላይ አስፍሩት፣ አውራጅና ጫኙ በሩ ላይ ቆሞ እያለ የሚጀመር ክርክር ሁልጊዜ ከሻጭ ኪስ ነው የሚያልቀው።