ስታዲየሙን ከማየታችሁ በፊት ፀሐዩን እዩ

ልጆች፣ ሰሞኑን ፍቅር ሐይቅ ዳር ተቀምጣችሁ ስትከራከሩ ሰማኋችሁ። ሐዋሳ ትልቅ ዓለም አቀፍ ውድድር እንዳታዘጋጅ ምን ይጎድላታል ነበር ክርክሩ። አንዳችሁ ሆቴል ቆጠራችሁ፣ ሌላው አውሮፕላን ማረፊያውን አነሳ። ደስ አለኝ። ጣልቃ ልገባ ብዬ ነበር፤ ግን በሁለት ቃል የሚያልቅ ስላልሆነ ጻፍኩላችሁ።

እኔ ዕድሜዬን ስፖርት ሳስተምርና የአትሌቲክስ ውድድር ስዳኝ ነው የኖርኩት። አስተናጋጅ ከተማ ሲመረጥ ስለ ሆቴል፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ስታዲየም ብዙ ይወራል። በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ዓይነት ሙቀት ይሮጣል የሚለው ግን መጀመሪያ መነሳት ሲገባው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው ትዝ የሚለው።

ስለ ሞምባሳ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2007 የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና እዚያ ነበር የተካሄደው። ቀነኒሳ በቀለ ረጅሙን ርቀት አምስት ዓመት በተከታታይ አሸንፎ ነው የሄደው። ሞምባሳ የኬንያ የባሕር ጠረፍ ከተማ ናት፣ ወበቁ ያፍናል። ቀነኒሳ መጨረሻው ዙር ላይ አቋርጦ ወጣ፣ ኤርትራዊው ዘርዕሰናይ ታደሰ አሸነፈ። ዘርዕሰናይ የሮጠው በዚያው ፀሐይ ነው፣ ከድሉ ምንም አልቀንስበትም። ግን ከተማ የመረጠ ሰው ሳያውቀው ውጤቱንም በከፊል እንደመረጠ ያኔ ገባኝ።

የኳታሯ ዶሃ ደግሞ የባሰ ነበር። እ.ኤ.አ. የ2019ኙ የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ስታዲየሙ በማቀዝቀዣ ተሞልቶ፣ ማራቶኑ ግን ውጭ፣ ባሕሩ ዳር። ሙቀቱን ለመሸሽ ሴቶቹን እኩለ ሌሊት አስነሷቸው። ከ68ቱ 28ቱ አቋረጡ። ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጀና ሹሬ ደምሴ፣ ሦስቱም የኛ ልጆች አልጨረሱም። እኔ ያን ሌሊት አልተኛሁም፣ ሯጭ በተሽከርካሪ ወንበር ሲወሰድ ማየት ከባድ ነው። በሳምንቱ ሌሊሳ ዴሲሳና ሞስነት ገረመው በወንዶቹ ወርቅና ብር አመጡ፣ እሱን አልረሳሁም።

ከዚያ በኋላ የኦሊምፒክ ኮሚቴው የቶኪዮን ማራቶን፣ ቀዝቀዝ ይላል ብሎ፣ 800 ኪሎ ሜትር ወደሚርቀው ሳፖሮ ወሰደው፤ ቶኪዮ ከተመረጠች ስድስት ዓመት ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ሳፖሮም ሞቀ። የሴቶቹን መነሻ በዋዜማው አንድ ሰዓት ያህል አስቀደሙት። ዶሃ ላይ ያቋረጠችው ሮዛ እዚያ 4ኛ ወጣች።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ እኔም ስለበደልኩ ነው። ድሮ የተማሪዎች አገር አቋራጭ ስናዘጋጅ ቦታውን ከመረጡት አንዱ ነበርኩ። ሐይቁ ስለሚታይ፣ ለእንግዶች ስለሚያምር ብለን መረጥን። ጠዋት 2 ሰዓት ሊጀመር የተባለው ንግግር በዝቶ ከረፋዱ 5 ሰዓት አለፈ። ልጆቹ ተሰልፈው ፀሐይ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ጥላ የለም፣ ውኃ ያቀረብነው መድረኩ ላይ ብቻ ነው። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ መጨረሻው ላይ ወደቀች። ዳነች፣ ተመስገን። ግን ስትወድቅ ሰዓት ይዤ መስመሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ሐዋሳን የምታስቡ ከሆነ፣ ከተማችን 1,700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ እንደ ሞምባሳ አታፍንም። ይሄ ጥሩ ነገር ነው። ግን የመጋቢት ቀትር ከሰኔ ማለዳ ጋር አንድ አይደለም። ቴርሞሜትር ይዛችሁ ከሐይቁ ዳር እስከ ታቦር ተራራ ሥር በእግራችሁ ሂዱ፣ በተለያየ ሰዓት። ጥላ የት እንዳለ፣ አምቡላንስ ባጃጁን አልፎ በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ ጻፉ። እኔ ከዚያች ልጅ በኋላ የጀመርኩት ደብተር አለኝ፣ ወር በወር፣ ሰዓት በሰዓት። ከእናንተ የሚቀጥለው ካለ እሰጠዋለሁ።