ልጄ በማቆያው ሌሎች ልጆችን ይነክሳል፤ ሞግዚቷ እንድትቆነጥጠው ልፍቀድ?

ጥያቄ፦ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። 2 ዓመት ከ5 ወር የሆነው ልጄ የሚውለው በመሥሪያ ቤታችን የሕፃናት ማቆያ ነው። ካለፈው ወር ጀምሮ ልጆችን መንከስ ጀምሯል። ባለፈው ሳምንት የባልደረባዬን ልጅ ክንዷን ነክሶ ስላበለዘው፣ ባልደረባዬ ሰላምታዬን እንኳ መመለስ ትታለች። ሞግዚቷ ጥግ ብታቆመውም አልተወም፤ አሁን እንድትቆነጥጠው ፈቃዴን ጠይቃኛለች። እናቴ ደግሞ «መልሰሽ ንከሺው፤ ሕመሙን ሲያውቅ ይተዋል» ትለኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አይፍቀዱ። ለነገሩ ይህ በእርስዎ ፈቃድ የሚሆን ነገር አይደለም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤቶችና ሕፃናትን በሚንከባከቡ ተቋማት ውስጥ ከአካላዊ ቅጣት የተጠበቁ እንዲሆኑ ደንግጓል።

የእናትዎ ምክር ከክፋት የመነጨ አይደለም፤ ብዙዎቻችን ቁንጥጫና የበርበሬ ጭስ እየቀመስን ነው ያደግነው። ይሁን እንጂ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ «እኔን እንዳመመኝ እርሷንም አሟታል» ብሎ ለማመዛዘን አእምሮው ገና አልጠናም። መልሰው ቢነክሱት የሚማረው ትልቅ ሰውም ሲናደድ እንደሚነክስ ብቻ ነው።

ከ1 እስከ 3 ዓመት ባሉ ልጆች ዘንድ መንከስ የተለመደ ነው። «ስጠኝ»፣ «ተራዬ ነው»፣ «አልፈልግም» የሚሉትን ቃላት ገና በወጉ ያልያዘ ልጅ፣ አሻንጉሊቱን ሲነጥቁት ቶሎ የሚደርስለት አፉ ነው። በልጅዎ ዕድሜ የመጨረሻዎቹ የወተት መንጋጋዎች የሚበቅሉበት ጊዜ መሆኑም ሊታሰብ ይገባል። ስለዚህ በምን እንደሚቀጣ ከመጨነቅ ይልቅ መቼ እንደሚነክስ ይጠይቁ። ሞግዚቷ ለሁለት ሳምንት ያህል ሰዓቱን፣ ማን አጠገቡ እንደነበረና ከዚያ በፊት ምን እንደተፈጠረ በአጭሩ ብትጽፍ፣ ምናልባት ነገሩ ከምሳ በፊት ሲርበው፣ ወይም እንቅልፉ ሲመጣ፣ ወይም ብዙ ልጆች በአንድ ኳስ ሲሻሙ የሚደጋገም ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ መፍትሔው ምሳውን ሩብ ሰዓት ቀደም ማድረግ ወይም ሁለተኛ ኳስ መግዛት ሊሆን ይችላል። አንዲት ሞግዚት ብቻዋን ብዙ ሕፃናት የምትይዝ ከሆነ ግን ጥፋቱን በእርሷ ላይ ብቻ መጫን ተገቢ ስላልሆነ፣ ወላጆች ተባብራችሁ ለአስተዳደሩ ብታመለክቱ ይሻላል።

ነክሶ ሲገኝ መጀመሪያ መታቀፍ ያለባት የተነከሰችው ልጅ ናት። ጩኸቱም ቁጣውም ወደ እርሱ ከዞረ፣ ቁጣም ቢሆን ትኩረት ነውና፣ መንከሱ ዋጋ ያገኛል። ከዚያ ሞግዚቷ ዝቅ ብላ በዓይኑ ደረጃ ሆና፣ ሳትጮህ፣ «አይነከስም፤ ያማል» ትበለው። ረጅም ስብከት አይገባውም፤ «ለምን ነከስክ?» ማለትም መልሱን እርሱ ራሱ ስለማያውቀው ከንቱ ድካም ነው። በግድ ጉንጭ አስሞ ማስታረቅን እኔ አልወደውም፤ ይልቁንም በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረውን ጨርቅ እርሱ እንዲያቀብል ማድረግ የሚክስበትን መንገድ ያሳየዋል። ሲረጋጋ የሚያስፈልገውን ቃል አብራው ትለማመድ፤ ኳሱን ሳይነክስ በጠየቀ ጊዜም ወዲያውኑ «ጎበዝ፣ በአፍህ ጠየቅህ» ትበለው። እቤትም እርስዎና እናትዎ ይህንኑ ቃል ይጠቀሙ፤ በጨዋታ መካከል እየነከሱ ማሳቅ ካለም ይቅር።

ጥግ ማቆሙም ቢቀር ይመረጣል፤ ልጁ ብቻውን ከሚገለል ሞግዚቷ አጠገብ ተቀምጦ ቢረጋጋ ይሻላል። «ነካሹ» የሚል ቅጽል ስም ከወጣለትም ዛሬውኑ ያስቁሙ።

ለባልደረባዎ የልጇን የበለዘ ክንድ አይተው እንዳዘኑና ከሞግዚቷ ጋር ምን እንደተስማሙ ይንገሯት፤ የራስዎን ልጅ ግን በእርሷ ፊት አይስደቡ። 3 ዓመት ከሞላው በኋላም መንከሱ ካልቀነሰ፣ ወይም አሁን ሁለት ቃላት አገናኝቶ የማይናገር ከሆነ፣ መስማቱንና ንግግሩን የሕፃናት ሐኪም ይመርምርልዎት።