2 ዓመት ከ3 ወሩ ነው ግን አይናገርም ላልሽው እህት

ሰላም እህቴ፣ ልጄ ከ"እማ"ና ከ"እንቢ" ሌላ አይልም፣ አማቴ ወንድ ልጅ ይዘገያል ይላሉ፣ ጎረቤት ደግሞ አባቱ በኦሮምኛ ስለሚያናግረው ግራ ገብቶት ነው ይላል ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት። እኔም እዚሁ ደብረ ብርሃን በዚሁ ያለፍኩ ስለሆነ ትንሽ ረዘም ላድርግልሽ፣ ልጁ ሳይነሳ ለመጨረስ እየተጣደፍኩ ስለሆነ ፊደል ብስት ይቅርታ።

በቅድሚያ ጆሮውን አስመርምሪው። እኔ መጨረሻ ላይ ስላደረግኩት ነው መጀመሪያ የምነግርሽ። የኛን ከተማ ብርድ ታውቂዋለሽ፣ ልጄን ክረምቱን ሙሉ ጉንፋን አይለቀውም፣ ስጠራው አንዴ ይዞራል አንዴ ዝም ይላል፣ እኔ እልኸኛ ሆኖ ነው እል ነበር። አንድ ክሊኒክ ብወስደው ጆሮውን እንኳ ሳያዩት "አይዞሽ ይመጣል" ብለው መለሱኝና ስድስት ወር ተዘናጋሁ። በኋላ አዲስ አበባ የጆሮ ሐኪም ሲያየው ለካ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሟል፣ አያመውም፣ ወደ ውጭም አይፈስም፣ ግን ድምፅ ታፍኖ ነው የሚሰማው። በር ሲንኳኳ ይዞራል'ኮ ብለሽ እንዳታልፊው፣ የኔም ይዞር ነበር።

ኦሮምኛውን አባቱ ይቀጥል ባክሽ። ሁለት ቋንቋ ልጅ አያዘገይም፣ ቃላቱን ስትቆጥሪ ብቻ ሁለቱንም ደምሪ፣ "ቢሻን" ቢልም ቃል ነው "ውሃ" ቢልም ቃል ነው። የአማትሽ ነገር፣ እውነት ነው ወንዶች ትንሽ ይዘገያሉ፣ ግን 2 ዓመት ላይ ወደ 50 ቃልና "እማ ነይ" ዓይነት ሁለት ቃል ማጣመር ይጠበቃል፣ እንዳንቺ ልጅ "እማ"ና "እንቢ" ብቻ እያለ ዝም ብሎ መጠበቅ አያስፈልግም። እንጥሉን አስቆርጪው የሚልሽ ከመጣ ደግሞ በሩን ዝጊበት፣ መድማትና ኢንፌክሽን እንጂ ንግግር አያመጣም።

ስልክ... እኔም ሥራ እስክጨርስ ብዬ ዩቱብ ከፍቼለት ነበር የምውለው አልዋሽሽም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (በፈረንጅ) ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ስክሪን አይመከርም፣ ከ2 በኋላም በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ ይላል። ስልኩ ያወራል እንጂ መልስ አይጠብቅም፣ ችግሩ እሱ ነው።

ይሄ የገባኝ መንዝ እናቴ ጋ ሁለት ወር ሲቀመጥ ነው። ሰው ሁሉ የገጠር አየር ፈወሰው አለ፣ አየሩ አይደለም። እማዬ ኩበት ስትለቅም ይከተላታል፣ በጎቹን ስታስገባ አብሯት ነው፣ እሷ ደግሞ አፏ አያርፍም፣ "ይቺ ጥቁሯ እምቢ አለች፣ አየሃት? ግቢ በላት" ትልና ዝም ብላ ታየዋለች፣ ይሄ ዝም ማለቷ ነው ዋናው። እኔ እኮ "ውሃ በል፣ በል እስቲ፣ ውሃ" እያልኩ አስጨንቀው ነበር፣ ጭራሽ አፉን ይዘጋል። አሁን እሱ ያየውን አይቼ ስሙን እጠራና በልቤ እስከ አምስት እቆጥራለሁ። "በግ" ካለ "አዎ፣ በጉ ሄደ" እላለሁ፣ አንድ ቃል ጨምሬ ብቻ፣ ተሳስቶ ቢልም አላርመውም ትክክሉን ደግሜ እልለታለሁ። ማታ መብራት ሲጠፋ (መቼም አይቀርም) እንቆቅልሽና እሹሩሩ፣ የመጨረሻዋን ቃል ትቼለት እሱ ይሞላታል። የመጀመሪያው ሁለት ቃሉ "ግቢ በጊ" ነበር፣ ለድመት።

አሁን 4 ዓመቱ ነው፣ "ረ" እና "ለ" ይደባለቁበታል እንጂ ዝም በል ቢሉት አይሰማም። ያንቺ ልጅ ግን በጣቱ የማይጠቁም፣ ሲጠሩት የማያይ ወይ የነበረውን ቃል የተወ ከሆነ ሳምንት አትቆዪ፣ የልጆች ሐኪም ጋ ሂጂ። የጆሮውን ውጤት ስታገኚ እዚሁ ጻፊልኝ፣ የት እንዳሳየሁት ከፈለግሽ በውስጥ ጠይቂኝ።