ቆሽት ሲቆጣ ደሙ ምን ይላል? ጥያቄና መልስ

ደሴ ላይ በውስጥ ደዌ ክፍል የምሠራ ሐኪም ነኝ። ስለ ድንገተኛ የቆሽት ሕመም ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አብዛኞቻችሁ የላካችሁት የላብራቶሪ ወረቀት ፎቶ ነው። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ መልሻለሁ።

ከኮምቦልቻ፦ ዶክተር፣ የአባቴ ላይፔዝ ከመደበኛው 20 እጥፍ ሆነ። ቁጥሩን በቀይ እስክሪብቶ ከበውታል። ተስፋ የለውም ማለት ነው?

አብሽሪ እህቴ፣ እንደዚያ ማለት አይደለም። ላይፔዝና አሚሌዝ ቆሽት የሚሠራቸው ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞች ናቸው፤ የሚነግሩንም ሕመሙ የቆሽት መሆኑን ነው። ከመደበኛው ጣሪያ 3 እጥፍ ካለፉና ሕመሙም የቆሽት ዓይነት ከሆነ ይበቃል። ሕመሙ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ግን አይናገሩም። 20 እጥፍ ይዞ በእግሩ ወደ ቤቱ የሚሄድ አለ፤ 4 እጥፍ ይዞ ትንፋሽ የሚያጥረውም አለ። ላይፔዝን በየቀኑ ማስደገም ገንዘብ ማባከን ነው።

ከፒያሳ፦ ታዲያ የቱን ቁጥር ልይ?

እኔ መጀመሪያ የማየው ቢዩኤን (ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ በደም ውስጥ ያለው መጠን) እና ሄማቶክሪት (ቀይ የደም ሕዋሳት በደም ውስጥ ያላቸው ድርሻ) ነው። ሁለቱም የትም የሚሠሩ፣ ርካሽ ምርመራዎች ናቸው። ቆሽት ሲቆጣ የደም ሥሮች ያፈሳሉ፤ ውሃው ከደም ወጥቶ ሆድ ውስጥ ይቀራል። የቀረው ደም ምድጃ ላይ እንደቆየ ሽሮ ይወፍራል፣ ኩላሊትም ይጠማል። ስለዚህ ሲገቡ ቢዩኤን ከ20 በላይ ከሆነ እንጠነቀቃለን። በ24 ሰዓት ውስጥ ከጨመረ ደግሞ የበለጠ ያሳስበኛል። ሄማቶክሪትም 44 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ፣ ግሉኮስ (በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ ሁሉ እንዲህ እንለዋለን) እየተሰጠ በማግስቱ ካልወረደ ጥሩ ምልክት አይደለም። ሌላው የኩላሊት ምርመራ፣ ክሬያቲኒን፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ከ1.8 ካለፈ የቆሽቱ ሥጋ እየሞተ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አንዳንድ ላብራቶሪ የሚጽፈው ቢዩኤን ሳይሆን ዩሪያ ነው። ቢዩኤን 20 ማለት ዩሪያ 43 ገደማ ነው። በዚህ የተነሳ በከንቱ የደነገጠ ቤተሰብ አይቻለሁ። አንዱ ወረቀት ብቻውን ብዙም አይናገርም፤ የትናንቱንና የዛሬውን ጎን ለጎን አስቀምጡ።

ከአራዳ፦ የእህቴ ሲአርፒ 30 ነው። ቀላል ነው ብለን እንመን?

ሕመሙ ከጀመረ ስንት ሰዓት ሆነው? ሲአርፒ ሰውነት ሲቆጣ ደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን ነው፤ የሚሠራው ጉበት ስለሆነ እስኪጨምር ጊዜ ይወስዳል። በመጀመሪያው ቀን ዝቅ ማለቱ አያዝናናም። በ48ኛው ሰዓት ይደገም። ያኔ ከ150 ካለፈ ከባድ ሊሆን ይችላል።

ከገጠር፦ ሐኪም ቤት የደረስነው በአምስተኛው ቀን ነው። አሚሌዝ ኖርማል ስለሆነ ቆሽት አይደለም አሉን።

አሚሌዝ በጥቂት ቀን ውስጥ ይወርዳል። ላይፔዝ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ እሱን ወይም ሲቲ ስካን ጠይቁ።

ከቧንቧ ውሃ፦ ጎረቤት ሁሉ እናቴን «በሐዘን ቆሽቷ አሮ ነው» ይላል። እውነት ነው?

ወንድሜ፣ «ቆሽቴ አረረ» የምንለው ለንዴትና ለሐዘን ነው እንጂ ይህን በሽታ ሐዘን አያመጣውም። ብዙ ጊዜ መነሻው የሐሞት ጠጠር ወይም መጠጥ ነው። የእናትህን ኤኤልቲ (የጉበት ምርመራ ነው) እየው፤ ከ150 በላይ ከሆነ ጠጠር ሳይሆን አይቀርም። አልትራሳውንድ ትነሣ። ትራይግሊሰራይድም (የደም ስብ) ይታይላት፤ ከ1,000 ካለፈ እሱ ራሱ ቆሽትን ያስቆጣል።

ከኮምቦልቻ፦ ግሉኮሱን በብዛት ይስጡት ብለን እንለምን?

አትለምኑ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ትልቅ ጥናት ብዙ ፈሳሽ በፍጥነት መስጠትን በልክ ከመስጠት ጋር አወዳድሮ ነበር። ጥናቱ ሳያልቅ ቆመ፤ በፈሳሽ ብዛት የተጎዱት በዝተው ነበር። ሌላ ጥቅምም አልታየም።

ከሸዋ በር፦ ላብራቶሪው ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) የለም ካለንስ?

ያኔ ሰውየውን ራሱን እዩት። እ.ኤ.አ. በ2012 የተሻሻለው የአትላንታ መለኪያም (ሐኪሞች የቆሽት ሕመምን ክብደት የሚመድቡበት) ከባድ የሚለው ሳንባ፣ ኩላሊት ወይም የደም ዝውውር ደክሞ ከ48 ሰዓት በላይ ሲቆይ ነው። ትንፋሹን ቁጠሩ። ሽንቱን መስመር ባለው ዕቃ ለኩ፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ መሽናት አለበት። ከዚያ ካነሰ ወይም መቀባጠር ከጀመረ፣ ሌሊትም ቢሆን ተረኛውን ጥሩ።